ሲሊንደሩ በእጅ አይለካም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሚኒባሴን ሞተር አስወርጄ ሲሊንደሩ ከመጀመሪያው 0.50 ሚሊ ሜትር ለሚሰፋ ፒስቶን ተሞርዷል። ቶርኖ ቤቱ ፒስቶኑን በእጁ አስገብቶ «ልክ ነው» አለኝ። ልመነው? ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ እጅ ያታልላል፣ ወንድሜ። እኔም በልጅነቴ እጄን አምኜ የገጠምኩት ሞተር ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ዳገት ላይ ነክሶ ቆመ። ስንፈታው የፒስቶኑ ጎን ተልጦ ነበር።

ፒስቶኑን ከታች በኩል፣ ከስፒኖቶው (ፒስቶኑን ከቢየላው የሚያያይዘው ፒን) ቀዳዳ 90 ዲግሪ ዞረህ በማይክሮሜትር ለካ። ሲሊንደሩን ደግሞ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች፣ በየቦታው በሁለት አቅጣጫ። ከጠባቡ ልኬት ላይ የፒስቶኑን ቀንስ፤ የቀረው በሁለቱ መሀል ያለው ክፍተት ነው። በብዙ የቤንዚን ሞተሮች ክፍተቱ ከ0.03 እስከ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንተን ግን የሞተሩ ማኑዋል ይወስናል።

እኛ ደብረ ብርሃን ብርዱም ያሳስተናል። 80 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ፒስቶን 10 ዲግሪ ሲሞቅ 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተር አካል) ውጭ አድሮ፣ ፒስቶኑ ኪስህ ውስጥ ሞቆ አይለካም። አንድ ክፍል አሳድራቸው።

ፋሻውንም (የፒስቶኑን ቀለበት) ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብተህ በፒስቶን አናት ቀጥ አድርገህ ግፋውና የአፉን ክፍተት በፊለር ጌጅ (በስስ የብረት መለኪያ) እይ። ቶርኖ ቤቱ የአራቱንም ሲሊንደር ቁጥር በወረቀት እስኪጽፍልህ አትግጠም።