በ20 ሊትር ገንዳ ውስጥ ከቤታ ጋር ማን ይኑር?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የዛሬ አራት ዓመት የነበርኩትን ራሴን ያየሁ መሰለኝ። 20 ሊትር በምትይዝ የዓሣ ገንዳ ቤታ የሚባል አንድ ወንድ ዓሣ አለሽ፤ «ብቻውን ሆኖ አሳዘነኝ» ብለሻል፤ ሻጩ ደግሞ ጎልድፊሽ ከሚባሉት ዓሦች ሁለት ወይም ጉፒ ከሚባሉት አራት ጨምሪለት ብሎሻል። ሁለቱንም እንዳትገዢ።

የጎልድፊሹ ነገር አጭር ነው። ቀዝቀዝ ያለ ውኃ የሚስማማው፣ ብዙ በልቶ ብዙ የሚያቆሽሽ፣ ሲያድግ ስንዝር የሚያህል ዓሣ ነው። ቤታ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። ለአንዱ ስታመቻቺ ሌላው ይታመምብሻል።

የጉፒውን ግን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ጅራታቸው ሰፋፊና ብርቱካናማ የሆኑ አራት ወንዶች መርጬ ገዛሁ። ለካስ ጦሱ ውበታቸው ኖሯል! ቤታ ደማቅ ቀለምና ረጅም ጅራት ሲያይ ሌላ ወንድ ቤታ ክልሉን የደፈረው ይመስለዋል። ማታ የስንጥቡን (የመተንፈሻውን) ክዳን እንደ አንገትጌ ገልብጦ ሲያባርራቸው እያየሁ «ይለማመዳሉ» ብዬ ተኛሁ። ጠዋት አንዱ ጅራቱ እስከ ሥሩ ተበጣጥሶ ማጣሪያው ሥር ተወሽቋል። ሌላው ዘሎ ወጥቶ ወለሉ ላይ ደርቋል፤ ገንዳዬ ክዳን አልነበረውም።

ስለ ብቸኝነቱ አትጨነቂ። ቤታ በታይላንድና በአካባቢዋ በሩዝ ማሳና በረግረግ የሚኖር፣ ወንዱ ክልሉን ሲጠብቅ የሚውል ዓሣ ነው። ጓደኛ የናፈቀን እኛ ነን።

በ20 ሊትር ውስጥ የምመክርሽ አንድ ቀንድ አውጣ ብቻ ነው፤ ኔራይት የሚባለውን ካገኘሽ ይመረጣል። መስታወቱ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ይበላል፣ እንቁላሉም በጨዋማ ባልሆነ ውኃ ስለማይፈለፈል አይራባብሽም። ነጫጭ እንቁላሎቹን እንጨት ላይ እየለጠፈ ማስቀየሙ ግን አይቀርም። ትናንሽ ሽሪምፖች የቤታ ምሳ ስለሚሆኑ ገንዘብሽን አታባክኚ።

የግድ ዓሣ ካልሽ ገንዳውን ወደ 60 ሊትር አሳድጊና ኮሪዶራስ ከሚባሉት ባለ ጢም ትናንሽ ዓሦች ስድስት ግዢ። አንድ ወይም ሁለት ሳይሆን ስድስት፤ በመንጋ ካልሆኑ ይፈራሉ። ወለል ላይ ስለሚኖሩ ላይኛውን ውኃ ከሚወደው ቤታ ጋር ብዙ አይገናኙም። ወለሉ ደቃቅ አሸዋ ይሁን፤ ስለታም ጠጠር ጢማቸውን ይጎዳዋል። መጀመሪያ እነሱን አስገቢ፣ ቤታውን መጨረሻ፤ ቀድሞ ከገባ ገንዳውን ሁሉ ርስቴ ይላል። የእኔው ከኮሪዶራሶቹ ጋር ሁለት ዓመት በሰላም ኖሯል። ነገር ግን የቤታ ጠባይ እንደ ሰው ይለያያል፤ የጠብ ነገር ካየሽ የምትለይበት ሌላ ዕቃ አዘጋጅተሽ ጠብቂ።

አንድ ነገር ግን አልጻፍሽም፤ ማሞቂያ አለሽ? የአዲስ አበባ ሌሊት ለቤታ ብርድ ነው። ባለፈው ክረምት መብራት በጠፋ ቁጥር ገንዳዬን በጋቢ እጠቀልል ነበር፤ እናቴ «ለእኔ እንኳ እንዲህ አላለበስከኝም» ብላ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። ማሞቂያ ከሌለሽ የቀንድ አውጣውን ገንዘብ መጀመሪያ እዚያ ላይ አውዪው።