ከጨረር በኋላ፦ ሲሊኮን ወይስ ከሆድ?

እህቴ፣ እንኳን ጨረሩን በሰላም ጨረስሽ። «ቀኝ ጡቴን ከተቆረጥኩ 7 ወር ሆነኝ። ሐኪሙ ከሆድሽ ቆዳና ስብ ወስጄ ጡት ልሥራልሽ ይላል፣ እህቴ ሲሊኮን ይቀልሻል ትላለች። ሁለቱን የምታውቅ አለች?» ነው ያልሽው። አለሁልሽ። ሁለቱም እኔ ላይ ተሠርተዋል፣ ያውም በአንድ ጎን።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ጡቴ የተቆረጠ ዕለት ኤክስፓንደር አስገቡልኝ። ባዶ ፊኛ በይው። በየሁለት ሳምንቱ በመርፌ የጨው ውሃ እየሞሉ ቆዳውን ይለጥጡታል። ሲሞሉት ያን ያህል አያምም። ማታ ግን ደረቴን በቀበቶ የጠፈሩኝ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ጨረር ወሰድኩ፣ ቀጥሎ ሲሊኮኑ ገባ። ዓመት ሳይሞላው ጡቴ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፣ ወደ ላይም ተሰቀለ።

ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት ዙሪያውን በጠባሳ ይሸፍነዋል። ይሄ ማንም ላይ ይሆናል። ጨረር የነካው ቦታ ላይ ግን ጠባሳው ወፍሮ የመጨማደድ ዕድሉ ከፍ ይላል። ሐኪምሽ ሆድሽን ያየው ለዚህ ይመስለኛል። እህትሽ ክፉ አላሰበችም፣ ጨረሩን ግን አልቆጠረችውም። ጨረር ላልነካት ሴት ሲሊኮን በእርግጥ ቀላል ነው። ኦፕራሲዮኑ አጭር ነው፣ ሆድሽንም የሚነካው የለም። ግን ዕድሜ ልክ ይዘልቃል ተብሎ አይታሰብም፣ አንድ ቀን መቀየር ሊኖርበት ይችላል።

የሆዱን እዚህ «ዲየፕ» ይሉታል። ከእምብርት በታች ያለውን ቆዳና ስብ ከነደም ሥሩ ያነሱና ከደረት ደም ሥር ጋር በማይክሮስኮፕ እያዩ ይሰፉታል። የሆድ ጡንቻው አይወሰድም። የኔ 9 ሰዓት ፈጀ። ሌሊቱን ነርሶቹ በየሰዓቱ እየመጡ እስክሪብቶ የምታህል ነገር አዲሱ ጡቴ ላይ ያስደግፋሉ። የደሙ ድምፅ «ሿ፣ ሿ» ይላል። ድምፁ ከጠፋ ተመልሶ ኦፕራሲዮን ክፍል ሊኬድ ይችላል። መጀመሪያ ፈራሁት። በሦስተኛው ቀን ግን እሱን ሳልሰማ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ቤት ስትገቢ የሚያስመርርሽ ድሬኑ ነው። ከቁስሉ ውስጥ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ሆኖ ጫፉ ላይ ሎሚ የሚያህል ላስቲክ አለው። እኔ 3 ነበረኝ። ታናሽ እህቴ ጠዋትና ማታ ፈሳሹን እየለካች ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር። የኔ ሐኪም የሚነቅለው በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ ነበር። ሻወር ስትወስጂ አንገትሽ ላይ ጥብጣብ እሰሪና አንጠልጥይው። ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ቢጃማም ግዢ፣ እጅ ወደ ላይ አይሄድም። ሆድሽ ስለተሰፋ ለሁለት ሳምንት ያህል ጎንበስ ብለሽ ነው የምትሄጂው። አንዷ ልትጠይቀኝ መጥታ «ውይ፣ አረጀሽ!» አለችኝ። ሐበሻ ጥየቃ!

አስቀድሞ ማንም ያልነገረኝ መደንዘዙን ነው። ትኩስ ቡና ደረቴ ላይ ፈስሶ ያወቅኩት ሸሚዜ ላይ ያለውን እድፍ ሳይ ነው። የሞቀ ውሃ ላስቲክ እንዳታስጠጊበት፣ ሳታውቂው ትቃጠያለሽ።

አሜሪካ ከሆንሽ በፈረንጆች የ1998ቱን ሕግ ያዢ። ጡት መቁረጥን የሚሸፍን ኢንሹራንስ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ መልሶ መሥራቱንም፣ ሌላኛውን ጡት ማመጣጠኑንም፣ በጡት መያዣ ውስጥ የሚገባውን ሰው ሠራሽ ጡትም መሸፈን አለበት። ከኪስሽ የምትከፍይው ኮፔይና ዲዳክተብል ግን አይቀርልሽም። እኔን ስልክ ያነሳችው ልጅ «ይሄማ ለውበት ነው» ብላኝ ነበር። ሕጉን ስጠቅስላት ወደ አለቃዋ አዞረችኝ።

ሐኪሙን በዓመት ስንት እንደሚሠራ፣ ሰፍቶ ያገናኘው ደም ሥር ቢዘጋ ምን እንደሚያደርግ ጠይቂው። ቁስልሽ ሲድን ጠባሳው እየወፈረ የሚያብጥ ከሆነ አሳዪው፣ እኛ ጥቁሮች ላይ ይበዛል። የጡት ካንሰር መድኃኒቱን ታሞክሲፊን የምትወስጂ ከሆነም ንገሪው። ደም ሊያረጋ ስለሚችል ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሚያስቆሙ አሉ፣ በራስሽ ግን እንዳታቆሚ። ጭራሽ አልሠራም ብትዪም መብትሽ ነው። ጓደኛዬ እንዲሁ ትታው በሰላም ትኖራለች።

የኔን ፎቶ ማየት ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ነው የምመልሰው፣ ልጆቹ ሲተኙ።