«በተመሳሳይ ጊዜ» የሚል የሹራብ መመሪያ እንዴት ይነበባል?

ጥያቄዎ ይህ ነው፦ ከፊት የሚከፈት፣ ቪ አንገት ያለው ሹራብ እየሠሩ ነው፤ የግራ ደረቱ ላይ 50 ቀለበት (መርፌው ላይ ያለ የክር ዙር) አለ። መመሪያው «በብብት በኩል 5 ዝጉ፤ ከዚያ በየ2ኛው ረድፍ 1 ቀለበት 6 ጊዜ ቀንሱ። በተመሳሳይ ጊዜ፣ ከመዝጊያው ረድፍ ጀምሮ በአንገት በኩል በየ4ኛው ረድፍ 1 ቀለበት ቀንሱ፣ 27 እስኪቀር» ይላል (መዝጋት ቀለበቱን እንዳይተረተር አድርጎ ከመርፌው ማውጣት፣ መቀነስ ሁለት ቀለበት አንድ ማድረግ ነው)። ብብቱን ጨርሼ ነው ወይ ወደ አንገቱ የምሄደው?

አይደለም። ሁለቱም ከአንድ ረድፍ ይነሣሉ፤ በሁለት ዓረፍተ ነገር ስለተጻፉ ብቻ ተራ የያዙ ይመስላሉ። ብብቱን ጨርሰው በ15ኛው ረድፍ አንገቱን ቢጀምሩ የመጨረሻው ቅነሳ 59ኛው ረድፍ ላይ ይወድቃል፤ ቪው ትከሻው ሥር ሊደርስ ምንም አይቀረውም፣ የአንገቱም መስመር ከቀኙ ጋር አይገጥምም።

መርፌ ከማንሳትዎ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ። መመሪያው አንገቱ ስንት ጊዜ እንደሚቀነስ አልነገረዎትም፤ ግን ቁጥሩ እዚያው ተደብቋል። ከ50 ላይ 5 እና 6 ሲነሣ 39፤ እስከ 27 ለመድረስ 12 ቅነሳ። ይህ ድምር ንጹሕ ካልወጣ ወይ የሌላ መጠን ቁጥር አንብበዋል፣ ወይ መመሪያው ስሕተት አለበት። በቅንፍ ብዙ መጠን በተደረደረበት መመሪያ ላይ የራስዎን ቁጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በክብ ቢያስገቡት ይሻላል።

አሁን ረድፎቹን በወረቀት ላይ ይጻፉ። የመዝጊያውን ረድፍ 1 ይበሉት።

ብብት፦ 1 (5 መዝጋት)፣ ከዚያ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11፣ 13።
አንገት፦ 1፣ 5፣ 9፣ 13፣ 17፣ 21፣ 25፣ 29፣ 33፣ 37፣ 41፣ 45።

ስለዚህ 1ኛው ረድፍ መጀመሪያ ላይ 5 ዘግተው መጨረሻው ላይ 1 ይቀንሳሉ፤ 44 ይቀራል። 3፣ 7 እና 11 ላይ በብብት በኩል ብቻ፣ 5፣ 9 እና 13 ላይ በሁለቱም ዳር ይቀንሳሉ። 13ኛው ሲያልቅ መርፌው ላይ 35 መሆን አለበት፤ እዚህ ቆመው ይቁጠሩ። ከዚያ በኋላ ሥራው የአንገቱ ብቻ ነው፣ በ45ኛው 27 ይሆናል። በ10 ሳንቲሜትር 30 ረድፍ የሚወጣ ከሆነ ይህ 15 ሳንቲሜትር ነው፤ ብብቱ 20 ሳንቲሜትር ከተባለ የቀሩትን 15 ረድፎች ሳይቀንሱ ቀጥ አድርገው ይሠራሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት «በየ4ኛው ረድፍ» ነው። 3 ረድፍ ያለ ቅነሳ ይሠራሉ፣ በ4ኛው ይቀንሳሉ። 4 ባዶ ረድፍ ሠርተው በ5ኛው ከቀነሱ በዚህ አንገት ብቻ 11 ረድፍ ይተርፋል፤ ከዚህም በላይ ቅነሳው አንዴ በፊቱ፣ አንዴ በውስጡ ገጽ እየወደቀ መስመሩ ይዛባል። ቅነሳ በሠሩበት ረድፍ ላይ ሌላ ቀለም ክር ቢያንጠለጥሉ መቁጠሩ ይቀላል።

የቅነሳው አቅጣጫም ዳሩን ይወስነዋል። ከዳሩ 2 ቀለበት ገባ ብለው ይቀንሱ፤ መገጣጠሚያው ንጹሕ ይሆናል። ፊቱ ወደ እርስዎ ሆኖ በረድፉ መጀመሪያ (በብብት በኩል) ሁለት ቀለበት አንድ በአንድ ወደ ቀኝ መርፌ አሳልፈው ከኋላቸው በኩል አንድ ላይ ይሥሯቸው፤ ወደ ግራ ያዘነብላል። በመጨረሻው (በአንገት በኩል) ሁለቱን እንዲሁ አንድ ላይ መሥራት በቂ ነው፤ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ሁለቱም የዳሩን መስመር ይከተላሉ።

ለቀኙ ደረት «ቅርጹን ገልብጣችሁ ሥሩ» ሲል ብብቱ በሌላኛው ጫፍ ነው። መዝጋት የሚቻለው በረድፍ መጀመሪያ ስለሆነ 5ቱ የሚዘጉት በውስጡ ረድፍ፣ አንድ ረድፍ ዘግይቶ ነው። ይህ አንድ ረድፍ ሲሰፋ አይታይም፣ አያስጨንቅዎት። የአንገቱን ቅነሳ ግን ከግራው ጋር በተመሳሳይ የፊት ረድፍ ላይ ይጀምሩ፤ አሁን አንገቱ የረድፉ መጀመሪያ ስለሆነ ወደ ግራ የሚያዘነብለው ለእሱ፣ ወደ ቀኝ የሚያዘነብለው ለብብቱ ይሆናል።