ፎርዋርድ የተደረገ ኢሜይል ሲመለስ ባውንሱ ለማን ይድረስ?

ወንድሜ፣ የመሥሪያ ቤታችሁ «ኢንፎ» አድራሻ በፖስትፊክስ (ሰርቨራችሁ ላይ ደብዳቤ በሚያመላልሰው ፕሮግራም) በኩል ወደ ሦስት ሠራተኞች ጂሜይል ይተላለፋል። ጂሜይል አልቀበልም ሲል ባውንሱ (ደብዳቤህ አልደረሰም የሚለው መልስ) ወደ «ኢንፎ» የጻፈው ደንበኛ ጋ ይሄዳል። ጭራሽ ምንም ያልጻፈ ሰው እንኳ ባውንስ ይደርሰዋል። «ባውንሱን ሁሉ ልጣለው ወይ?» ብለሃል።

አትጣለው። የሰው ሜይል ሰርቨር ሳስተዳድር ባውንስ የተዘጋበት ቦታ የማየው ያው ነው፤ ደብዳቤ ይጠፋል፣ መጥፋቱን የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ የሰርቨሩን ሎግ (የሥራ መዝገብ) ክፈት። 550 5.7.26 የሚል ካገኘህ ጂሜይል ላኪውን ማረጋገጥ አልቻልኩም እያለህ ነው። ደብዳቤው የሚሄደው በደንበኛው ስም፣ የሚወጣው ግን ካንተ አይፒ ነው። የደንበኛው ኤስፒኤፍ (በዶሜኑ ስም መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር) ደግሞ አንተን አያውቅህም። የዲኪም ፊርማ (ደብዳቤው ከላኪው ዶሜን መምጣቱንና አለመነካካቱን የሚያሳይ ማኅተም) ካለው ብዙ ጊዜ ያልፋል፣ ካልነካካኸው። ርዕሱ ላይ «ከውጭ የመጣ» ምናምን የሚጨምር ነገር ካለህ ዛሬውኑ አጥፋው።

ብዙ ሰው ኤስአርኤስ ጫን ይልሃል። መጥፎ ምክር አይደለም። የኢንቨሎፑን ላኪ (አንባቢ የማያየውን፣ ባውንስ የሚመለስበትን አድራሻ) በራስህ ዶሜን ይቀይርና ባውንስ ሲመጣ ፈትቶ ለዋናው ላኪ ይመልሳል። ያንተ ራስ ምታት ግን ባውንሱ ለደንበኛው መመለሱ ራሱ ነው። አንድ ድርጅት ውስጥ የሠራተኛዋ ጂሜይል ሞላ። ፖስትፊክስ እንደ ልማዱ 5 ቀን ሲሞክር ቆይቶ፣ ሳጥኗ መሙላቱን ከነግል አድራሻዋ ለደንበኛው ጽፎ ላከ። ያውም በአምስተኛው ቀን! ጨረታ ቢሆን አልቆ ነበር።

ላንተ የሚሻለው የቆየው ዘዴ ነው። በኤሊያስ ፋይሉ (የትኛው አድራሻ ወዴት እንደሚተላለፍ በተጻፈበት) ውስጥ «ኢንፎ» ካለበት አጠገብ «ኦነር-ኢንፎ» (owner-info) የሚል ስም ጨምር። ፖስትፊክስ ይህን ሲያይ የኢንቨሎፑን ላኪ ወደ እሱ ይቀይራል። ኤስፒኤፍ በናንተ ዶሜን ያልፋል፣ ባውንሱ አንተ ጋ ይመጣል፣ ደንበኛው ምንም አያይም። የሚታየው ላኪ ስለማይቀየር ግን ለዲማርክ (የሚታየው ላኪ ዶሜን እውነተኛ መሆኑን ለሚያጣራው ደንብ) አሁንም ዲኪም ያስፈልጋል። ዘዴው በቨርቹዋል ኤሊያስ ሰንጠረዥ (በሌላው የፖስትፊክስ ማስተላለፊያ ዝርዝር) ላይ አይሠራም፤ ስንቱን ሰው አንከራትቷል መሰለህ። ደግሞም «ኦነር-ኢንፎ» እዚያው ሰርቨሩ ላይ ያለ ሳጥን ይሁን። ባውንስ የላኪ አድራሻው ባዶ ነው። ወደ ጂሜይል አስተላልፈኸው ጂሜይል ከመለሰው የሚሄድበት የለም፣ በዚያው ይቀራል።

ሳይጽፉ ባውንስ የሚደርሳቸው ሰዎች አድራሻቸውን ስፓም ላኪ የሰረቀባቸው ናቸው። አንተ ስፓሙን ትቀበላለህ፣ ጂሜይል ይመልስብሃል፣ አንተ ደግሞ ለምስኪኑ ትልካለህ። «ኦነር-ኢንፎ» ይህንንም ያስቆማል፤ ስፓሙን ወደ ጂሜይል መግፋትህ ግን ካልቀረ የአይፒህ ስም ይበላሻል። ስለዚህ እንደ አርስፓምዲ ያለ ማጣሪያ አስገባና ገና በሩ ላይ፣ ደብዳቤውን «ተቀብያለሁ» ከማለትህ በፊት መልሰው። ከተቀበልክ በኋላ ማጣራት ዋጋው ግማሽ ነው።

እውነቱን ለመናገር ለሦስት ሰው እኔ ፎርዋርድ አላደርግም። ለእያንዳንዳቸው ሰርቨሩ ላይ የአይማፕ ሳጥን (ደብዳቤው ሰርቨሩ ላይ ሆኖ በአፕ የሚነበብበት) ስጣቸው። ስልካቸው ላይ ያለው የጂሜይል አፕ እሱንም ይከፍታል።