ማሳመን፣ ማስፈራራትና ባለ 20 ገጽ ዳይስ፦ የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ከኮምቦልቻ አንዱ፣ ባልደርስ ጌት 3 የሚባለው የኮምፒውተር ጌም ላይ ካሪዝማው (የካራክተሩ ሰው የመማረክና የማሳመን ነጥብ) 8 ስለሆነ ማንንም ማሳመን አቅቶት ተማሯል። 8 ማለት ለማሳመን በምትጥለው ዳይስ ሁሉ 1 ይቀነስብሃል ማለት ነው። የሚቆጠረው ወሬውን የጀመረው ካራክተር ስታት (ነጥብ) ስለሆነ ከቡድንህ አፈኛውን አስቀድመው፣ አለቀ።

ከፒያሳ ደግሞ፦ የካራክተሬ ጉልበት 18 ሆኖ ለምንድነው ማስፈራራት በካሪዝማ የሚለካው? ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ጠረጴዛ ዙሪያ ታሪክ እየፈጠሩ በዳይስ የሚጫወቱት ጌም) ላይ በመደበኛው አዎ በካሪዝማ ነው፣ ግን የ2014ቱ (በፈረንጆች) የህግ መጽሐፍ ዲኤሙ (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) ከፈቀደ በጉልበት አድርጉት ይላል፣ ስለዚህ ዝም ብለህ አትፎክር፣ ብረቱን ፊቱ እጠፈውና ጠይቅ። ፓዝፋይንደር 2 (ሌላ ተመሳሳይ ጌም) ላይ ግን ያስገደድከው ሰው ኋላ ቂም ይይዝብሃል፣ እሱን አትርሳ።

የሰኞ ገበያው ልጅ ደብዳቤ ሆዴን በላው። ምላሱ ይያያዛል፣ ካራክተሩ ካሪዝማ 18 ነው፣ ዲኤሙ ግን "ራስህ ተናገር" ይለውና ሲንተባተብ "አላሳመንከኝም" ብሎ ዳይሱንም አያስጥለውም፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። ዲኤሙ ይህን ካነበብክ ልጠይቅህ፣ ጉልበቱ 18 የሆነውን ልጅ ተነስና ኩንታል ጤፍ ተሸከም ብለኸው ታውቃለህ? ታዲያ ይሄኛውን ለምን? ከተጫዋቹ የሚጠበቀው ምን እንደሚፈልግና በምን ምክንያት እንደሆነ ባንድ አረፍተ ነገር መንገር ነው፣ ጽፎም ቢሰጥህ ይበቃል። 18 ማለት ዳይሱ ላይ +4 ይደመራል ማለት ነው፣ ማሳመን የሰለጠነበት ከሆነ ገና በሌቭል 1 ሌላ +2 አለው። ከባድነቱ 15 ከሆነ፣ ማለትም ድምሩ 15 መድረስ ካለበት፣ 9 ወይ ከዛ በላይ ከጣለ ያልፋል፣ 60 በመቶ እድል ነው፤ ምክንያቱ ጥሩ ሆኖ ወደ 10 ብታወርድለት ደግሞ 85 በመቶ ይደርሳል። እኛ ወሎዎች ሽምግልና እናውቃለን፣ የሚሰማው ብዙ ያወራው ሽማግሌ አይደለም፣ የሁለቱንም ወገን ሆድ የሚያውቀው ነው፣ ለኔ ካሪዝማ ማለት እሱ ነው። አንተ ወንድሜ ደግሞ "ህክምና አለው ወይ" ላልከኝ እኔ የጌም ሰው ነኝ፣ ግን ነገ ዛሬ ሳትል ሆስፒታል ሄደህ የንግግር ህክምና ባለሙያ የት እንዳለ ጠይቅ፣ አደራ። የሚስቁብህን ልጆችም ጨርሼ እስካወራ ጠብቁኝ በላቸው።

ሌሊቱን ሙሉ ተጫውታ አይኗ ለሚቃጠለው፦ ተኚ፣ ካልተሻለሽ የአይን ሀኪም።

የመጨረሻው፦ 20 ከጣልኩ ሁሉም ሰው ያምነኛል? ባልደርስ ጌት 3 ላይ አዎ ታልፋለህ። ጠረጴዛ ላይ ግን በ2014ቱ ህግ 20 ያለ ጥያቄ የሚሳካው ጠላት ለመምታት ስትጥል ነው፣ ንጉሡን ዘውድህን ስጠኝ ብለህ 20 ብትጥልም አይሰጥህም፣ ዲኤምህ ደግ ከሆነ ግን ንጉሡ ስቆ ይሸኝሃል።