የደመወዝ ወረቀት ከፓይተን በኢሜይል ስለመላክ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። ለመሥሪያ ቤታችሁ ሠራተኞች የየወሩን የደመወዝ ወረቀት በፒዲኤፍ አያይዞ የሚልክ የፓይተን ፕሮግራም ጽፈሃል። ኢሜይሉ ይሄዳል። ግን አንዳንዱ ሰው ጋ አታችመንቱ አይታይም፤ የአማርኛው ርዕስ ደግሞ እስከ መሃሉ ደህና ይመጣና ከዚያ ይበላሻል። እኔም በሥራዬ ደረሰኝና ሪፖርት በዚሁ መንገድ የምልክ ሰው ነኝ፤ የማውቀውን ልንገርህ።

ኮድህ ላይ እንዳየሁት የመልእክቱን ክፍሎች በእጅህ እየቀጣጠልክ ነው የምትሠራው። ሁለቱም ችግር ከዚያ ነው የሚመጣው። የኢሜይል መላኪያው ደንብ፣ ኤስኤምቲፒ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ የታሰበው ለተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበር። ፒዲኤፍም ሆነ የእኛ ፊደል የሚያልፉት በ1992 በመጣው ማይም በሚባለው ደንብ ነው። ማይም ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ፖስታ አድርጎ ይሠራዋል። የውጪው «ሚክስድ» ይባላል፤ ጽሑፉንና አታችመንቱን አንድ ላይ ይይዛል። በውስጡ ያለው «ኦልተርኔቲቭ» ነው። እሱ አንዱኑ መልእክት በሁለት መልክ ያቀርባል፤ መጀመሪያ ተራ ጽሑፍ፣ ቀጥሎ ኤችቲኤምኤል፣ ማለትም እንደ ድረ ገጽ በኮድ የተቀረጸው። የተቀባዩ ፕሮግራም ከእነዚህ ውስጥ ማሳየት የሚችለውን የመጨረሻውን ይመርጣል።

አንተ ፒዲኤፉን የከተትከው ኦልተርኔቲቩ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ፕሮግራም የደመወዝ ወረቀቱን «ሌላ የጽሑፉ መልክ ነው» ብሎ ይተወዋል። ሰዎቹ «ምንም አልደረሰኝም» ቢሉህ አይፈረድባቸውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የድሮዎቹን ማይም ክላሶች ተዋቸውና ከፓይተን 3.6 ጀምሮ የጸናውን «ኢሜይል ሜሴጅ» (EmailMessage) የሚለውን ክላስ ተጠቀም። መጀመሪያ «ሴት ኮንተንት» (set_content) ብለህ ተራውን ጽሑፍ ስጠው። ቀጥሎ በ«አድ ኦልተርኔቲቭ» (add_alternative) ኤችቲኤምኤሉን ጨምር። መጨረሻ ላይ በ«አድ አታችመንት» (add_attachment) ፒዲኤፉን አያይዝ፤ ዓይነቱንና የፋይሉን ስም መስጠት አትርሳ። ፖስታዎቹን ራሱ ያደራጃቸዋል። ቅደም ተከተሉን ካዛባህ፣ ማለትም አታችመንቱን አስቀድመህ ኤችቲኤምኤሉን ካስከተልክ፣ ኤረር ይሰጥሃል። ይኼ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ዝም ብሎ ከሚበላሽ ጮኾ ቢቆም ይሻላል።

የርዕሱም ነገር በዚሁ ይፈታል። የኢሜይል ርዕስ በአማርኛ ሲጻፍ ኮድ ተደርጎ ነው የሚያልፈው። እያንዳንዱ ፊደላችን ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ 3 ባይት ይወስዳል፤ ባይቱን በተራ የላቲን ምልክቶች በሚጽፈው ቤዝ 64 ሲሆን ደግሞ 4 ምልክት ይሆናል። ኮዱ በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚጻፈው፤ አንድ ቁራጭ ደግሞ ከ75 ምልክት መብለጥ አይፈቀድለትም። ስለዚህ አንድ ቁራጭ የሚይዘው 15 ገደማ ፊደል ብቻ ነው። ረዥሙን ርዕስህን በራስህ ስትቆራርጠው አንዱን ፊደል ከመሃል ትሰነጥቀዋለህ፤ ርዕሱም ከዚያ ላይ ይበላሻል። አዲሱ ክላስ ግን በፊደል ድንበር ይቆርጠዋል። የፋይሉን ስም እንኳ በላቲን ፊደል ብታደርገው እመክራለሁ። በአማርኛም ይሠራል፤ ግን አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ስሙን ያበላሹታል።

አሁን ያልጠየቅኸውን ልንገርህ፤ ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ሉፕህ ውስጥ አንዱን የመልእክት ኦብጀክት ለሁሉም ሠራተኛ ትጠቀማለህ። «ለ» የሚለውን አድራሻ ታጠፋና አዲስ ትጽፋለህ፤ አታችመንቱ ግን አይጠፋም፣ ይደመራል። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውንም ደመወዝ ያያል፣ አሥረኛው የዘጠኙን! ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መልእክት ፍጠር። ከኢሜይል ሰርቨሩ ጋር ያለውን ግንኙነት ግን አንዴ ክፈትና ለሁሉም ተጠቀምበት፤ ለእያንዳንዱ መልእክት እየገባህ አትውጣ።

ፓስወርድህን ኮዱ ላይ መጻፉን አቁም፤ በጂሜይል የምትልክ ከሆነ ደግሞ ተራው ፓስወርድ አይሠራልህም። ጂሜይል በ2022 በተራ ፓስወርድ የሚገቡ ፕሮግራሞችን ዘግቷል። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብራና 16 ፊደል ያለውን የአፕ ፓስወርድ፣ ማለትም ለፕሮግራሙ ብቻ የሚሰጥ ፓስወርድ፣ አውጣ፤ ከኮዱ ውጪ አስቀምጠው። ፖርቱ (የሰርቨሩ መግቢያ ቁጥር) 587 ከሆነ ግንኙነቱን ከተከፈተ በኋላ የሚያመሰጥረው «ስታርት ቲኤልኤስ» ያስፈልገዋል፤ 465 ከሆነ ከመጀመሪያው የተመሰጠረ ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ያቀላቅልና ፕሮግራሙ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ነፃው አካውንት በቀን ወደ 500 ሰው ላይ ይገታሃል። ከመሥሪያ ቤቱ ዶሜይን የምትልክ ከሆነ ኔትወርኩን የሚያየውን ሰው «ኤስፒኤፍና ዲኬአይኤም ተስተካክለዋል ወይ?» ብለህ ጠይቀው፤ እነሱ ኢሜይሉ በእርግጥ ከዶሜይናችሁ መሆኑን የሚያረጋግጡ ናቸው፤ ካልተስተካከሉ ስፓም ውስጥ ነው የምትገባው።

ስለ ዲዛይኑ ብዙ አልልም። እንደ ድረ ገጽ አታስጊጠው። የዊንዶውሱ የድሮው አውትሉክ ኤችቲኤምኤልን የሚያሳየው በወርድ ሞተር ነው፤ ስለዚህ ዘመናዊ ሲኤስኤስህን (የገጹን መልክ የሚወስነውን ኮድ) አያውቅም። በቴብል ሥራ፣ ስታይሉን እዚያው ታጉ ላይ ጻፍ። ፒዲኤፉን በሪፖርትላብ፣ ማለትም ፒዲኤፍ በሚሠራው የፓይተን ላይብረሪ፣ የምታወጣ ከሆነ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ጫንለት፤ አለበለዚያ ስሞቹ ጥቁር ሣጥን ይሆናሉ።

ለሠራተኞቹ ከመላክህ በፊት ሜይልፒት የሚባለውን የኢሜይል መሞከሪያ ፕሮግራም ኮምፒውተርህ ላይ አስነሳና ኮድህ ወደ እሱ እንዲልክ አድርግ። ኢሜይሎቹን ሁሉ እዚያው ያስቀራቸዋል፤ አንድም ወደ ውጪ አይወጣም። በብራውዘር ከፍተህ ርዕሱንም አታችመንቱንም እያንዳንዱን ታያለህ። ከዚያም ካልተስተካከለ የመልእክቱን ጥሬ ምንጭ እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን። የሰዎቹን ስምና ደመወዝ ግን አጥፋው እሺ?