ጭራቁ ሲናገር ስሙት

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሠላሳ ስምንት ዓመት በሐኪምነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜዬን የምሰጠው ለመጽሐፍ ነው። ወጣቶች "ዶክተር፣ ምን እናንብብ?" ሲሉኝ የድሮ አስፈሪ ታሪኮችንና የሳይንስ ልብወለዶችን እጠቁማቸዋለሁ። ብዙዎቹ ግር ይላቸዋል። "እሱንማ ፊልሙን አይተነዋል" የሚሉኝም አሉ። ይህን የምጽፈው በተለይ ለእነሱ ነው።

"ፍራንከንስታይን" ሲባል ምን ይታያችኋል? አንገቱ ላይ ብሎን የተሰካበት፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ከማጉረምረም በቀር ቃል የማይወጣው ጭራቅ። ያ መልክ እ.ኤ.አ. በ1931 ከተሠራው ፊልም የመጣ ነው። ሜሪ ሼሊ በጻፈችው መጽሐፍ ውስጥ ግን ፍጡሩ ይናገራል፤ ያውም ከሁሉም አሳምሮ። በግድግዳ ስንጥቅ አጮልቆ የአንድ ቤተሰብ ጨዋታ እየሰማ ቋንቋ ይለምዳል። ወድቆ ያገኘውን መጽሐፍ ያነባል። ፍራንከንስታይንም የእሱ ስም አይደለም፤ ከሙታን አካል የሠራው ተማሪ፣ የቪክቶር የቤተሰብ ስም ነው። ፍጡሩ ስም የለውም። ስም የሚያወጣለት ሰው አልነበረውምና።

አንድ ቦታ ላይ ረጋ ብላችሁ እንድታነቡ እለምናችኋለሁ። የኖቬምበር ሌሊት ነው። ዝናቡ የመስኮቱን መስታወት ይመታል። ሻማው ሊያልቅ ተቃርቧል። ቪክቶር ወደ ሁለት ዓመት ገደማ እንቅልፍ አጥቶ የለፋበት ገላ፣ ደብዘዝ ያለች ቢጫ ዓይኑን ይገልጣል። ቪክቶር ይዘገንነውና ክፍሉን ጥሎ ይወጣል። አልጋው ላይ ወድቆ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሲባንን ፍጡሩ የአልጋውን መጋረጃ ገልጦ ቆሞ ያየዋል። አፉን ይከፍታል፤ የሚወጣው ድምፅ ግን ገና ቃል አልሆነም። ፈገግ ለማለት ይሞክራል። አንድ እጁን ይዘረጋል። ቪክቶር ደረጃውን እየሮጠ ይወርዳል።

እኔን ያስደነገጠኝ ያ ሩጫ ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ፊቷ በእሳት የተቃጠለ የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ ተኝታ ነበር። ጠዋት ጠዋት ራውንድ ስንዞር፣ አልጋዋ ጋ ስደርስ ዓይኔን ካርዷ ላይ እተክላለሁ። የማወራው ከነርሷ ጋር ነው። መድኃኒቷን በትክክል አዝዣለሁ፤ ቁስሏ በሰዓቱ እንዲታጠብ አድርጌያለሁ። ፊቷን ግን አላይም። አንድ ቀን ልሄድ ስል የጋዋኔን ጫፍ ያዘችኝ። ምንም አላለችም። "እመለሳለሁ" ብዬ እጇን ቀስ አድርጌ አላቀቅኩት። ያን ቀን አልተመለስኩም። በማግስቱም እንደ ወትሮዬ ካርዷን አይቼ አለፍኩ።

መጽሐፉን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ። የተዘረጋው እጅ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ከደንኩት። ልጅቷን ከየት አገኛታለሁ? ከዚያ ወዲህ ግን ታካሚ ጋ ስደርስ ካርዱን ከማንሣቴ በፊት ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፤ ፊቱን አይቼ በስሙ እጠራዋለሁ። ይህን ልማድ ያገኘሁት ከዚያች ገጽ ነው።

ደራሲዋንም እወቋት። ሜሪ ሼሊ ታሪኩን ስትጀምር 18 ዓመቷ ነበር። በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አየሩን ስላበላሸው፣ በ1816 አውሮፓ ውስጥ የሙቀቱ ወቅት ሳይመጣ ቀረ። ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቭ ሐይቅ ዳር ዝናብ ቤት ያዋላቸው ወዳጆች፣ በገጣሚው ባይረን ሐሳብ፣ እያንዳንዳቸው የመንፈስ ታሪክ ሊጽፉ ተስማሙ። ይህን ብዙ ሰው ያወራዋል። እኔ ይበልጥ የማስበው ከዚያ በፊት የደረሰባትን ነው። እናቷ እሷን በወለደች በ11ኛው ቀን ሞተች። የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ሐኪም በእጁ አወጣው፤ ከዚያ ትኩሳት ተከተለ። እጅ ታጥቦ ማዋለድ ገና ያልታወቀበት ዘመን ነው። ሜሪ ራሷ በ1815 ያለ ጊዜዋ የተወለደች ሴት ልጇ ሞተችባት። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ያሰፈረችው ሕልም አለ፤ ሕፃኗ ለካ በርዷት ኖሯል፣ እሳት ዳር ሲያሿት ነፍስ ዘራች። ስትነቃ ሕፃን የለችም። ሙት ስለሚያስነሣ ተማሪ የጻፈችው ይህቺ እናት ናት። መጽሐፉ በ1818 በ500 ቅጂ ሲወጣ ስሟ አልነበረበትም፤ ባሏ የጻፈው የመሰላቸው ነበሩ።

ሌሎቹን ባጭሩ ልንገራችሁ። ደም ስለሚመጥ ጭራቅ የሚያወራው "ድራኩላ" መጀመሪያው ግሩም ነው። እንግዳው ጢሙን ሲላጭ የቤቱ ጌታ ከጀርባው ቆሞ ሳለ መስታወቱ ውስጥ አይታይም፤ እዚያ ላይ ጸጉሬ ቆሟል። በኋላ ይንዛዛል፤ ታገሡት። የኤች ጂ ዌልስን "የዓለማት ጦርነት" ግን አፍሪካዊ ሆናችሁ አንብቡት። ደራሲው ገና መግቢያው ላይ አውሮፓውያን አውስትራሊያ አጠገብ ያለችውን የታዝማኒያ ደሴት ሕዝብ እንዴት እንደፈጁ ያነሣል፤ ቀጥሎ የማርስ ሰዎችን በእንግሊዞች ላይ ያመጣባቸዋል። መድፍ ያልበገራቸውን ወራሪዎች የሚጨርሳቸው ባክቴሪያ ነው። ለጀማሪ የሚሻለው "ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ" ነው፤ አጭር ስለሆነ በአንድ ምሽት ያልቃል።

እንግሊዝኛው ይከብዳል፤ አልዋሻችሁም። ግን የቅጂ መብታቸው ስላለፈ ስልካችሁ ላይ በነፃ ይገኛሉ። በቀን አምስት ገጽ ይበቃል። አሳጥሮ የተጻፈውን ተዉት፤ የፍጡሩ ንግግር እዚያ ይቆረጣል።

በብዙዎቹ እትሞች ምዕራፍ 10 ላይ ሁለቱ በበረዶ ተራራ ላይ ይገናኛሉ። ቪክቶር ይሰድበዋል፤ ከፊቴ ጥፋ ይለዋል። ፍጡሩ በእጆቹ የቪክቶርን ዓይኖች ይሸፍናል። እንዳታየኝ ሸፈንኩህ፤ መስማት ግን ትችላለህ ይለዋል። ከዚያ ወደ አንዲት ጎጆ ይወስደዋል። እሳት ያነድለታል። ቪክቶር እሳቱ ዳር ይቀመጣል፤ ፍጡሩም ታሪኩን ይጀምራል።